ወጪ ቻይ ዋጋ፦ ለሞያሌ ባለ ሎሪዎች አንድ አዲስ ቃል

በኬንያዋ ሞያሌ አንድ ባለ ሎሪ ቦሎቄ ወደ ናይሮቢ ሊጭን ሲደራደር መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «በጆንያ ስንት?» የሚል ነው። ደላላው ቁጥር ይጠራል፤ ባለ ሎሪው ጨምር ይላል፤ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ባለ ሎሪው በድርድሩ ጊዜ የሚያውቀው ጎረቤቱ ትናንት በስንት እንደ ጫነ ነው። የእሱ መኪና ከስንት በታች ከተከፈለው ከኪሱ እንደሚጨምር የሚነግረው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ በእጁ የለም። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ቃል የዚያ ቁጥር ስም ነው። በእንግሊዝኛ «ብሬክ ኢቭን ሬት» ይባላል፤ በአማርኛ «ወጪ ቻይ ዋጋ» እንበለው።

ወጪ ቻይ ዋጋ ማለት ባለ መኪናው ሳያተርፍም ሳይከስርም ጉዞውን ጨርሶ ቤቱ የሚገባበት የጭነት ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የተከፈለው ትርፍ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ፣ በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ ቢኖርም፣ ኪሳራ ነው። «መነሻ ዋጋ» ልንለው እንችል ነበር፤ ይሁንና መነሻ ዋጋ በጨረታ ድርድር የሚጀመርበት ቁጥር ነው፣ ይህኛው ደግሞ ድርድር የሚቆምበት። «ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ዋጋ» ትክክል ነው፤ ለአፍ ግን ይረዝማል። «ወጪህን ቻል» የሚለውን አነጋገር ግን የማያውቅ ሾፌርም ረዳትም የለም። እዚህ ወጪውን እንዲችል የምንፈልገው ዋጋው ራሱ ነው።

ሐሳቡ ከትራንስፖርት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አየርላንዳዊው ዲዮኒሲየስ ላርድነር እ.ኤ.አ. በ1850 ስለ ባቡር ሐዲድ ኢኮኖሚ ባሳተመው መጽሐፍ የማጓጓዣ ዋጋ ከፍ ዝቅ ሲል ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚለዋወጡ በመስመር ሥሎ አሳይቷል። ዛሬ ትልልቅ የትራንስፖርት ድርጅቶች ይህን ስሌት የሚሠራላቸው የሒሳብ ክፍል አላቸው። አንድ ሎሪ ይዞ ራሱ የሚነዳ ሰው ግን ሾፌሩም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ተደራዳሪውም እሱው ነው። ስለዚህ ቃሉ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሞያሌ በድንበሩ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት፤ አንዱ ወገን በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ሌላው በኢትዮጵያ። ከኬንያው ወገን ናይሮቢ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ሎሪዎች በጠጠርና በአቧራ ላይ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር፤ ሽፍታ ስለሚፈራም በፖሊስ ታጅበው በቡድን ይጓዙ ነበር። አስፋልቱ በየክፍሉ ተሠርቶ አለቀ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፈቱ። የመንገዱ መሻሻል ጎማና ጊዜ ቆጥቧል፤ በዚያው ልክ ብዙ መኪና ወደ መስመሩ አምጥቷል። ተፎካካሪ ሲበዛ ከወጪ በታች የሚጭን ሰውም አብሮ ይበዛል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማሳያ የመረጥኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለ ሎሪ በራሱ ደረሰኝ ይተካቸው። ባለ ሦስት አክስል ሎሪ 150 ኩንታል ቦሎቄ ጭኖ ናይሮቢ ይሄዳል እንበል። ሲጭን በአንድ ሊትር ናፍጣ 2.5 ኪሎ ሜትር፣ ባዶውን 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሊትሩ 180 ሽልንግ ከሆነ የመሄጃው 312 ሊትር 56,160 ሽልንግ ይሆናል፤ ባዶ ሲመለስ 195 ሊትር፣ ማለትም 35,100 ሽልንግ ይፈጃል። አሥር ጎማ እያንዳንዱ በ45,000 ሽልንግ ተገዝቶ 75,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በኪሎ ሜትር 6 ሽልንግ ነው፤ ለደርሶ መልሱ 1,560 ኪሎ ሜትር 9,360 ይደርሳል። ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለግራሶ በኪሎ ሜትር 5 ሽልንግ ብንይዝ 7,800። የሾፌርና የረዳት ምግብና መኝታ ለአምስት ቀን 10,000። ለደላላ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ካውንቲዎች በየኬላው ለሚሰበስቡት «ሴስ» የተባለ ቀረጥ 12,000።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል፤ አንድ ትልቅ ስሕተት ያለውም እዚሁ ነው። መኪናው ቆሞም የሚበላው ወጪ አለ። ኢንሹራንስ፣ ፈቃድ፣ ማደሪያ ቦታ፣ የባንክ ዕዳ ሎሪው ተንቀሳቀሰም አልተንቀሳቀሰም ይከፈላሉ። ከእነዚህ በላይ የሚረሱ ሁለት አሉ። አንዱ የባለቤቱ ደመወዝ ነው። ራሱ የሚነዳ ሰው «እኔ ደመወዝ አልከፍልም» ይላል፤ ግን ለሌላ ሰው ቢነዳ የሚያገኘውን ገንዘብ ትቶ ነው የሚነዳው። ሁለተኛው የመኪናው እርጅና ነው። ዕዳው ያለቀ ሎሪ ነጻ ይመስላል። ይሁንና በየጉዞው ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ሻንሲው እያለቁ ነው፤ ምትኩን የሚገዛ ገንዘብ ከየጭነቱ ካልተቀመጠ ሎሪው ሲቆም ሥራውም አብሮ ይቆማል። ብዙ ጠንካራ ሠራተኛ ከዓመታት ድካም በኋላ ያረጀ መኪና ብቻ ይዞ የሚቀረው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከጭነት ወደ ጭነት መኪናውን ቆርሶ እየሸጠ መሆኑን የሚነግረው ሒሳብ ስላልነበረው ነው።

እነዚህን ቋሚ ወጪዎች በወር 120,000 ሽልንግ እንበላቸውና በወር አራት ደርሶ መልስ ቢሠራ ለአንዱ ጉዞ 30,000 ይደርሳል። ሁሉም ሲደመር 160,420 ሽልንግ ነው። ለ150 ኩንታል ሲካፈል፣ በባዶ ለሚመለስ ሎሪ ወጪ ቻይ ዋጋው በኩንታል ወደ 1,070 ሽልንግ ሆነ ማለት ነው። የመሄጃውን ናፍጣ፣ የጎማ፣ የዘይትና የስንቅ ግማሽ፣ የደላላና የኬላውን ብቻ ያሰበ ሰው ግን 81,740 ሽልንግ፣ በኩንታል 545 ያገኛል። እሱ በ700 ሽልንግ ሲጭን 23,260 አተረፍኩ ብሎ ይደሰታል። እውነቱ 55,420 ሽልንግ መክሰሩ ነው።

ልዩነቱን የፈጠረው በአብዛኛው «ባዶ ኪሎ ሜትር» ነው፤ ያለ ጭነት የሚነዳው መንገድ። ባዶ ኪሎ ሜትር የሚከፍልለት ሰው የለውም፤ ስለዚህ ጭነት ያለበት ኪሎ ሜትር የሁለቱንም ወጪ መሸከም አለበት። ችግሩ የሞያሌ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ ወደ ወደቡ የሚወርደው የወጪ ዕቃ ግን ከገቢው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ብዙ ተሳቢ ባዶውን ይወርዳል። ከሞምባሳ ወደ ካምፓላ በሚዘልቀው መስመር ደግሞ ባዶነቱ በመልሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ናይሮቢ ውስጥ የተመሠረተው ሎሪ ሲስተምስ የሚባለው ኩባንያ ባለ ጭነትንና ባለ መኪናን በስልክ ማገናኘት ሲጀምር ሊቀንስ ካሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ባዶ ጉዞ ነበር።

በሞያሌ የጭነቱ መጠን ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ወደ ደቡብ ከብትና ቦሎቄ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን የፋብሪካ ዕቃና ምግብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በነበረው ድርቅ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በአካባቢው ብዙ ከብት አለቀ፤ ከብት ሲያልቅ ወደ ናይሮቢ የሚጫነውም ይመናመናል። በደጉ ጊዜ የተሰላ ዋጋ በክፉው ጊዜ አይሠራም። ስሌቱ በየወቅቱ የሚታደሰውም ለዚህ ነው።

የመልስ ጭነት ሲገኝ ቁጥሩ ምን ይሆናል? ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ በ70,000 ሽልንግ ተገኘ እንበል። ጭኖ መመለስ ባዶ ከመመለስ በ117 ሊትር፣ ማለትም በ21,060 ሽልንግ ይበልጣል፤ ለደላላና ለጫኝ 8,000 ቢጨመር ተጨማሪው ወጪ 29,060 ነው። የደርሶ መልሱ ጠቅላላ ወጪ 189,480 ሲሆን፣ ከመልሱ 70,000 ስለሚገኝ ከቦሎቄው የሚፈለገው 119,480 ብቻ ነው። በኩንታል ወደ 797 ሽልንግ ወረደ። የመልስ ጭነቱን አስቀድሞ ያገኘ ባለ ሎሪ ጎረቤቱ በማይችለው ዋጋ መጫን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የእሱን ዋጋ አይቶ፣ መልስ ሳይኖረው የሚከተለው ግን በፈቃዱ ይከስራል።

የመልስ ጭነት ሁሉ ደግሞ አይያዝም። 40,000 ሽልንግ የሚከፍል ጭነት ከተጨማሪው ወጪ በኋላ 10,940 ያተርፋል። እሱን ለማግኘት ናይሮቢ ሦስት ቀን ቢጠበቅስ? ቋሚ ወጪው በቀን 4,000፣ ስንቁ በቀን 2,000 ነው፤ ሦስት ቀን 18,000 ይሆናል። ባዶውን ቶሎ ተመልሶ ቀጣዩን ጭነት መያዝ ይሻላል ማለት ነው። በድንበሩ ላይ ወረቀት የሚጠበቅበት ቀንም እንዲሁ ዋጋ አለው። ባለ ጭነቱ ሰነዱን ሳያሟላ መኪና ካቆመ የቀን ክፍያ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህም ከመጫን በፊት መነገር አለበት።

«በጆንያ» የሚለውም መጠራት ያለበት በኪሎ ነው። በኬንያ የእህል ጆንያ በልማድ 90 ኪሎ ነው፤ የኢትዮጵያ ኩንታል 100 ኪሎ። 150 ኩንታል ማለት ወደ 167 የኬንያ ጆንያ ማለት ነው። በኩንታል ያሰላውን 1,070 በባለ 90 ኪሎ ጆንያ የሚጠራው ሰው 963 ማለት አለበት፤ በተቃራኒው በጆንያ 963 የተስማማ ሰው ባለ 100 ኪሎ ከረጢት ከተጫነበት ከየከረጢቱ ከ100 ሽልንግ በላይ ያጣል። ክብደት ጨምሮ ዋጋን ለማካካስ መሞከር መፍትሔ አይሆንም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የክብደት ሕግ ለትልቁ ተሳቢ እንኳ ከ56 ቶን በላይ አይፈቅድም፤ ሚዛን ላይ የሚከፈለው ቅጣት ሲቀር እንኳ ፍሬንና ጎማ ዋጋውን ይወስዳሉ።

በድንበር ከተማ የገንዘቡ ዓይነትም የዋጋው አካል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ስትለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በዓመቱ መጨረሻ ከ120 ብር አለፈ። የኬንያ ሽልንግ በነዚያ ወራት በዶላር 129 አካባቢ ስለ ረጋ፣ ከሁለት ሽልንግ በላይ ያወጣ የነበረ አንድ ብር ወደ አንድ ሽልንግ ወረደ። ዋጋውን በብር ተስማምቶ ናፍጣውን በሽልንግ የሚሞላ ባለ ሎሪ ገቢው በግማሽ ያህል ቀነሰበት። ወጪው በየትኛው ገንዘብ እንደሚወጣ ዋጋውም በዚያው ገንዘብ መቆረጥ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ክፍያው በተጫነበት ቀን ይሁን።

ናፍጣ ከወጪው ከግማሽ በላይ ስለሆነ የሚከታተሉት ቀን አለ። የኬንያ የኢነርጂና ፔትሮሊየም ቁጥጥር ባለሥልጣን በየወሩ በ14ኛው ቀን የሚቀጥለውን ወር የማደያ ዋጋ በየከተማው ያሳውቃል፤ ከሞምባሳ እየራቁ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ሊትሩ ይወደዳል። በሞያሌ ያላችሁ ባለ ሎሪዎችና ማኅበራቶቻችሁ በየወሩ በ15ኛው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የናፍጣውን አዲስ ዋጋ፣ የጎማውን፣ የኢንሹራንሱን፣ የራሳችሁን ደመወዝና የመኪናችሁን እርጅና ጻፉ፤ በባዶ ለመመለስና ጭኖ ለመመለስ ሁለት ወጪ ቻይ ዋጋ አውጡ፤ ለሾፌሮቻችሁም ስጡ። ደላላው ከሁለቱ ለጉዟችሁ ከሚስማማው በታች ሲጠራ አትጫኑ።