በሕንድ መጽሐፍ ማሳተም

በሕንድ መጽሐፍ ማሳተም ደራሲው ረቂቁን ለአሳታሚ አቅርቦ በውል፣ ወይም ራሱ ወጪውን ሸፍኖ ለአንባቢ የሚያደርስበት ሂደት ነው። በሕገ መንግሥቱ 8ኛ ሠንጠረዥ 22 ቋንቋዎች የተዘረዘሩባት ሕንድ አንድ ወጥ የመጻሕፍት ገበያ የላትም፤ የማላያላም፣ የቤንጋሊ፣ የሂንዲ፣ የታሚልና የሌሎቹም ቋንቋዎች መጻሕፍት የየራሳቸው አሳታሚ፣ ሻጭና አንባቢ አላቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም፣ ሳሂትያ አካዴሚ፣ እንግሊዝኛንና ራጃስታኒን ጨምሮ በ24 ቋንቋዎች ዓመታዊ ሽልማት ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቋንቋ ምርጫ

ለጀማሪ ደራሲ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጽፍ ነው። እንግሊዝኛ በመላ አገሪቱና በውጭም ይነበባል፤ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ አሳታሚዎች በዴልሂና በአካባቢዋ ቅርንጫፎች አሏቸው። ችግሩ የሚተረክላቸው ገጸ ባሕርያት ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ የማይናገሩ መሆናቸው ነው። ራጃ ራኦ በ1938 ባወጣው «ካንታፑራ» ልብ ወለድ ታሪኩን በአንዲት የመንደር አሮጊት አንደበት አስተረከ፤ በመቅድሙም የሕንድ ሕይወት ፍጥነት ወደ እንግሊዝኛው መግባት እንዳለበት ተከራከረ። አር. ኬ. ናራያን ሌላ መንገድ ያዘ። ማልጉዲ የምትባል በካርታ ላይ የሌለች የደቡብ ሕንድ ከተማ ፈጥሮ፣ ስለ ተማሪ ልጆችና ስለ ተራ ነዋሪዎቿ በቀላል እንግሊዝኛ ጻፈ። ሁለቱም መንገዶች ሠርተዋል። የአገሬውን ቃል በየገጹ በቅንፍ መፍታት ግን ትረካውን ከማቋረጥ በቀር ብዙም አይረዳም።

በአገር ቋንቋ መጻፍ ከዓለም አንባቢ መራቅ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ የቅርቡ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ጊታንጃሊ ሽሪ በሂንዲ የጻፈችው «ሬት ሳማዲ» በ2018 ታትሞ፣ በዴዚ ሮክዌል ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመ በኋላ በ2022 ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት አገኘ። በ2025 ይኸው ሽልማት ባኑ ሙሽታቅ በካንናዳ ቋንቋ (ካናዳ ከተባለችው አገር ጋር ግንኙነት የለውም) ለጻፈቻቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ተሰጠ፤ ተርጓሚዋ ዲፓ ባስቲ ናት። በኬረላ ደግሞ ደራሲያን ራሳቸው በ1945 በኮታያም ከተማ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የማላያላም መጻሕፍትን ማሳተም ጀምረው ነበር።

ረቂቅ ማቅረብ

በሕንድ የደራሲ ወኪሎች ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ስለሆኑ ብዙ አሳታሚዎች ረቂቅ ከደራሲው በቀጥታ ይቀበላሉ። የሚጠየቀው በአብዛኛው የታሪኩ ማጠቃለያ፣ ጥቂት የናሙና ምዕራፎችና ስለ ደራሲው አጭር መግለጫ ነው። ማጠቃለያው የታሪኩን መጨረሻ ጭምር መናገር አለበት፤ አርታዒው ታሪኩ ከዳር መድረሱን ማወቅ ይፈልጋልና። ምላሹ ወራት ሊፈጅ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ላይመጣ ይችላል።

የናራያን የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ስዋሚና ጓደኞቹ» በበርካታ አሳታሚዎች ተመልሶበታል። ተስፋ ቆርጦ፣ በኦክስፎርድ የሚማር ጓደኛው ረቂቁን ቴምስ ወንዝ ውስጥ እንዲጥለው ጻፈለት። ጓደኛው ግን ለእንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን አሳየው፤ ግሪንም አሳታሚ አገኘለትና መጽሐፉ በ1935 ወጣ።

ውልና የቅጂ መብት

ጀማሪ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ረቂቁ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። በደስታ የተፈረመ ውል የትርጉም፣ የፊልምና የድምፅ መብቶችን አብሮ ሊወስድ ይችላል። በ1957 የወጣው የሕንድ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 19 ለዚህ መከላከያ አስቀምጧል። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍና በፊርማ ብቻ ነው። ውሉ የጊዜውን ርዝመት ካልጠቀሰ 5 ዓመት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ቦታውን ካልጠቀሰ በሕንድ ግዛት ውስጥ ብቻ ይጸናል። አሳታሚው በተላለፈለት መብት በ1 ዓመት ውስጥ ካልተጠቀመበት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ መብቱ ቀሪ ይሆናል። እነዚህ ድንጋጌዎች የሚሠሩት ግን ውሉ ዝም ባለበት ቦታ ነው። «ለመላው ዓለም፣ ለቅጂ መብቱ ዘመን በሙሉ» የሚል ሐረግ ከተፈረመበት ሕጉ ብዙም አያድንም፤ ስለዚህ ከሽያጭ ድርሻው መቶኛ ይልቅ በቅድሚያ መነበብ ያለበት ይህ ሐረግ ነው። ድርሻው የሚሰላው በሽፋኑ ዋጋ ወይስ ለሻጮች ቅናሽ ከተደረገ በኋላ በሚቀረው ገቢ ላይ መሆኑም መጠየቅ አለበት፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የቅጂ መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 60 ዓመት ይቆያል። ቀድሞ 50 ዓመት የነበረ ሲሆን፣ በ1941 የሞተው የራቢንድራናት ታጎር ሥራዎች ከጥበቃ ሊወጡ ሲሉ ተራዝሟል። መብቱ ከመጻፉ ጋር አብሮ ስለሚወለድ በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ክርክር ሲነሣ ግን ምዝገባው እንደ ማስረጃ ያገለግላል።

በራስ ወጪ ማሳተም

በራስ ማሳተም በሕንድ አዲስ ነገር አይደለም። ናራያን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ አሳታሚዎች ሲያቆራርጠው በማይሶር የራሱን ማተሚያ ድርጅት፣ «ኢንዲያን ሶት»ን፣ አቋቋመ። ፒ. ላል በ1958 በካልካታ የመሠረተው «ራይተርስ ወርክሾፕ» መጻሕፍቱን በሳሪ ጨርቅ ይለብጥ ነበር፤ ቪክራም ሴትን ጨምሮ ኋላ ስም ያወጡ ገጣሚያን በዚያ ጀምረዋል። አሚሽ ትሪፓቲ በአሳታሚዎች የተመለሰበትን የመጀመሪያ ልብ ወለድ በ2010 ወኪሉ አሳተመለት፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በብቻው ታትሞ በመጻሕፍት ቤቶች በነጻ ተሰጠ፣ መጽሐፉም በሰፊው ተሸጠ።

ከዚህ የሚለየው ደራሲውን ገንዘብ አስከፍሎ ራሱን «አሳታሚ» የሚል ድርጅት ነው። ትርፉን ያገኘው ከደራሲው እንጂ ከአንባቢ ስላልሆነ መጽሐፉን ለመሸጥ የሚገፋው ነገር የለም። አንዳንዶቹ ለዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥርም ያስከፍላሉ፤ በሕንድ ይህ ቁጥር በራጃ ራምሞሁን ሮይ ብሔራዊ ኤጀንሲ በኩል በነጻ ይሰጣል። የሕንድ ቁጥሮች በ978-81 ወይም በ978-93 ይጀምራሉ።

በራሱ ያሳተመም ቢሆን እንደ አሳታሚ ግዴታ አለበት። በ1954ቱ የመጻሕፍት አስረካቢነት ሕግ መሠረት፣ መጽሐፉ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ቅጂ በካልካታ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በቼናይ፣ በሙምባይና በዴልሂ ላሉ ሦስት ቤተ መጻሕፍት መላክ ይኖርበታል።