ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል

ማድሪድ ውስጥ የማታ የስፓኒሽ ትምህርት ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። ባለፈው ሳምንት ወራትን ተማርን፤ ኤኔሮ፣ ፌብሬሮ፣ ማርሶ እያልን። በመጨረሻ መምህሯ «በሉ አሁን ሁላችሁም የተወለዳችሁበትን ቀን በፊደል ጻፉ» አለችን። ቀላል ጥያቄ ነው አይደል? እኔ ግን እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

እናቴ ስትነግረኝ የኖረችው «መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ በተክልዬ ዕለት» እያለች ነው። መስከረም 24 ቀን 1975 ማለት ነው። ወደ ፈረንጁ ሲመለስ ኦክቶበር 4 ቀን 1982 ይሆናል። ወረቀቴ ላይ ያለው ግን 24/01/1975 ነው። ያኔ ፎርም የሞላልኝ ሰው መስከረም የመጀመሪያው ወር ነው ብሎ 01 አለው፤ ዓመቱንም እንዳለ ገለበጠው። እዚህ ያለ ሰው ሲያነበው ጃንዋሪ 24 ቀን 1975 ሆነ። በአንዲት መስመር 7 ዓመት ከ8 ወር አረጀሁ!

መጀመሪያ የተናደድኩት በራሳችን አቆጣጠር ነበር። «ምን አለ እንደ ሰው ብንቆጥር» ብዬ። ከዚያ ስለ ስፔን ታሪክ ሳነብ ንዴቴ በረደ።

ከወራቱ ስም እንጀምር። በስፓኒሽ ሰባት ሲየቴ፣ ስምንት ኦቾ፣ ዘጠኝ ኑዌቤ፣ አስር ዲየስ ነው። ሴፕቲየምብሬ፣ ኦክቱብሬ፣ ኖቪየምብሬ፣ ዲሲየምብሬ የሚሉት የወር ስሞችም የመጡት ከእነዚሁ ቁጥሮች የላቲን እናቶች ነው። ግን ሴፕቲየምብሬ ሰባተኛ ሳይሆን ዘጠነኛ ወር ነው። ምክንያቱም የጥንቶቹ ሮማውያን ዓመት የሚጀምረው በማርች ነበር። የዓመቱ መግቢያ ወደ ጃንዋሪ ሲዛወር ስሞቹ እንዳሉ ቀሩ። ወቅቶቹም ቢሆኑ ተንቀሳቅሰዋል። ዛሬ «ቬራኖ» ማለት የሙቀቱ ወራት ነው፤ ድሮ ግን ለጸደይም ይባል ነበር። ሰርቫንቴስ በ1615 ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ሁለተኛ ክፍል የዓመቱን ወቅቶች አምስት አድርጎ ይቆጥራል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስፔኖችም እንደኛ የራሳቸው የዓመት ቁጥር ነበራቸው! የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ38 ዓመት ነው። የእኛው ከፈረንጁ ወደኋላ ሲቀር የእነሱ በ38 ዓመት ይቀድም ነበር። የላስ ናቫስ ደ ቶሎሳ ጦርነት የተካሄደው በ1212 ሲሆን፣ በዚያ አቆጣጠር 1250 ነው። ካስቲል ይህን ቁጥር የተወችው በ1383 ነው። ስለዚህ የድሮ የስፔን ሰነድ የሚያነብ ሰው 38 መቀነስ ከረሳ፣ የእኔን ፎርም እንደሞላው ሰው ሆነ ማለት ነው።

በዚህ አላበቃም። በ1582 የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲገባ ስፔን ውስጥ ሐሙስ ኦክቶበር 4 ያደረ ሰው ዓርብ የነቃው ኦክቶበር 15 ላይ ነው። አስር ቀን ተዘለለ። የአቪላዋ ቴሬሳ ያረፈችው በዚያች ሌሊት ስለነበር በማግስቱ ስትቀበር ቀኑ 15 ተባለ። እንግሊዝ ደግሞ አዲሱን አቆጣጠር እስከ 1752 ድረስ አልተቀበለችም። ሰርቫንቴስና ሼክስፒር «በአንድ ቀን፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ» ሲባል የምንሰማው ከዚህ የመጣ ነው። ሰርቫንቴስ የተቀበረው በስፔን ኤፕሪል 23 ነው፤ የሼክስፒር 23 ግን በስፔን አቆጣጠር ሜይ 3 ነበር። ቁጥሩ አንድ፣ ቀኑ ሌላ።

ለካ ጥፋቱ የማንም አቆጣጠር አይደለም። ጥፋቱ ቁጥሩን ብቻ ወስዶ የማን ቁጥር እንደሆነ መተው ነው።

ስፓኒሽ ቀን ሲጻፍ መጀመሪያ ዕለቱ፣ ከዚያ «ደ»፣ ከዚያ የወሩ ስም፣ እንደገና «ደ»፣ ከዚያ ዓመቱ ነው። የወሩ ስም ደግሞ በትንሽ ፊደል ይጀምራል። ይህ ልማድ ጥሩ ነው። 04/10 ብላችሁ ብትጽፉ አሜሪካ ያለ ሰው ኤፕሪል 10 ብሎ ሊያነበው ይችላል። የወሩን ስም ከጻፋችሁት ግን ማንም አይሳሳትም።

እናቴ አሁን በሕይወት የለችም። ያቺን ዕለት በአፏ የምትመሰክርልኝ እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀቱን ላስተካክል ብል ደግሞ በእሱ ላይ የተሠራው ሁሉ፣ የልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ሳይቀር ይነካል። እስካሁን አልደፈርኩም።

ደብተሬ ላይ ግን ጻፍኩት፤ «ኩዋትሮ ደ ኦክቱብሬ ደ ሚል ኖቬሲየንቶስ ኦቼንታ ኢ ዶስ»። መምህሯ የስም ዝርዝሯን አይታ «እዚህ ያለው ሌላ ነው» አለችኝ። «እሱ የወረቀቱ ነው፣ ይሄ የእናቴ ነው» አልኳት። ፈገግ ብላ አለፈችኝ።

ወዳጆቼ፣ ለወላጅ ወይ ለልጅ ፎርም ስትሞሉ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወደሚጠየቀው አቆጣጠር ለውጡ፣ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ደውላችሁ የተወለዳችሁበትን ዕለት ጠይቁና መዝግቡት።

እናንተስ፣ ወረቀት ላይ ስንት ዓመታችሁ ነው?