ወርቁ ሲሄድ ሙያው የት ቀረ? ከፋዞግሊ እስከ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ

የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1821–22 በሱዳን በኩል እስከ ፋዞግሊ የዘለቀው ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ነበር። ወርቁ ዛሬ ቤኒሻንጉል በምንለው አገርና በአካባቢው ወንዞች የሚታጠበው ነው። ገዥው በስተርጅናው ራሱ ፋዞግሊ ድረስ መጥቶ አየው፤ ያሰበውን ያህል ግን አላገኘም።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ሁለት ግብፃውያን የወርቅ ሥራ እንዲማሩ ሩሲያ፣ ኡራል ተላኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮቫሌቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የማዕድን መሐንዲስ መጣና በአካባቢው የወርቅ ማጠቢያ አቋቋመ። ልብ በሉ፤ ካይሮ ለዚህ ወርቅ ስትል ልጆቿን ኡራል ድረስ ልካ ስታስተምር፣ ወንዙ ዳር ተወልዶ በገበቴ ሲያጥብ ያደገውን የበርታ ልጅ ግን ማንም ትምህርት ቤት አላስገባውም።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር አገሩን ያዘ። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰንም በኋላ ለአዲስ አበባ ወርቅ ገባሪ ሆኑ። በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ድንበሩ ተሰመረ። (ያው ውል ምኒልክ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የዓባይን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩም ያስገድድ ነበር።) ገዥው ተቀየረ፤ ወርቁ ግን መውጣቱን ቀጠለ።

መጋቢት 2003 የሕዳሴው ግድብ መሠረት ጉባ ላይ ተጣለ። በዚያው ሰሞን አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ግድቡ ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ዩኒቨርሲቲውስ ለክልሉ ምን አመነጨ?

ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በአገር አቀፍ ፈተና ነው። በ2015 ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጣው ከመላው አገሪቱ ተፈታኝ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ይህ ወንፊት የሸርቆሌንና የኩርሙክን ልጅ እንዴት እንደሚያደርገው አስቡት። ሬሜዲያል ጥቂቱን ያሻግራል። የቀረው ከግቢው አጥር ውጭ ሆኖ መንገዱን ያያል።

“ዩኒቨርሲቲ አገራዊ ነው” የሚለኝ አለ። ይሁን፤ ከየክልሉ የሚመደበው ተማሪ ይምጣ፣ ይማር። ግን ግቢው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ላላለፈ ወጣትም በር ይኑረው፤ ከክልሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር የሚሰጥ የስድስት ወር፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና። ሜርኩሪ ሳይነኩ ወርቅ ማጣራት፤ የመንኩሽን እብነ በረድ እዚያው መቁረጥና ማለስለስ፤ ሽመል የምንለውን የቆላ ቀርከሃ ከአጥርነት አውጥቶ የቤት ዕቃ ማድረግ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ወርክሾፑን ከሰዓት በኋላና ክረምት ላይ መክፈት ይበቃል። የማስተማሪያ ቋንቋውም በርትኛና ጉሙዝኛ ቢጨምር የሚከፋው ያለ አይመስለኝም።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። አላይድ ጎልድ የጀመረው የኩርሙክ ወርቅ ፕሮጀክት ቁፋሮ የሚያውቅ፣ ከባድ ማሽን የሚጠግን፣ የድንጋይ ናሙና የሚመረምር ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ከአሶሳ ካልተገኙ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ለአካባቢው ልጅ የሚተርፈው የጥበቃና የጉልበት ሥራ ይሆናል።

ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲው፣ ክልሉና ኩባንያው ስንት የኩርሙክ ልጅ ለየትኛው ሙያ እንደሚሠለጥን የተስማሙበት ወረቀት አለ? ካለ ይለጠፍና እንየው።