ስለ ቡና መጠጫ ቤቶች ታሪክ

የሰው ልጅ በየዘመኑ ከጎረቤቱ ጋራ ተቀምጦ የሚነጋገርበትን ስፍራ ሲፈልግ ኖሯል። ስፍራው የዛፍ ጥላ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም የገበያ ዳር ሊሆን ይችላል፤ ካለፉት ዐምስት መቶ ዓመታት ወዲህ ግን በብዙ አገር ይህን አገልግሎት የያዘው ቡና የሚጠጣበት ቤት ነው። ይህም ቤት በደረሰበት አገር ብዙ ጊዜ ተከሰሰ፣ ተዘጋም፤ ነገሩ ሲመረመር ግን ከሳሾቹን ያስፈራቸው ከመጠጡ ይልቅ በመጠጡ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ነበረ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቡና ዛፍ አገሩ ኢትዮጵያ ነው። የመጠጡ ታሪክ ግን በጽሑፍ ጐልቶ የሚታየው በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን ነው። በዚያ አገር ሱፊ የሚባሉት የእስልምና ባሕታውያን ሌሊት ለጸሎት ሲተጉ እንቅልፍን ያርቅላቸው ዘንድ ይጠጡት ነበር። ከዚያ ወደ መካ ተሻገረ። በ1511 ኻይር በይ የተባለው የመካ ሹም ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ሲጠጡ ቢያገኝ፣ የሕግ ዐዋቂዎችንና ሐኪሞችን ጠርቶ ቡና እንዲከለከል አስፈረደ። ነገሩ ወደ ካይሮ በተላከ ጊዜ ግን ከሱልጣኑ የመጣው ትእዛዝ ስብሰባውን ከለከለ እንጂ መጠጡን ፈጽሞ አላወገዘም። ፍርዱ በማን ላይ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

በ1550ዎቹ ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች በኢስታንቡል ቡና ቤት ከፈቱ። ጸሐፊውም፣ ዳኛውም፣ ሥራ ፈቱም በአንድነት ይቀመጡበት ጀመር። በ1633 ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ቤቶቹን ቢያዘጋም፣ ዘመኑ ሲያልፍ ተመልሰው ተከፈቱ።

በለንደን ከተማ ፓስኳ ሮዜ የተባለ ከምሥራቅ የመጣ ሰው በ1652 ቡና መሸጥ ጀመረ። ከእርሱ በኋላ በተስፋፉት ቤቶች አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል፤ ጋዜጣም ይነበብለታል፤ መኰንን ገባ ተብሎም ወንበር አይለቀቅም። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በእነዚህ ቤቶች የሐሰት ወሬ ይወራል ሲል በታኅሣሥ ወር 1675 ይዘጉ ዘንድ ዐዋጅ አስነገረ፤ ነገር ግን ሕዝቡ እጅግ ስለ ተቃወመ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዐዋጁን ሻረው። ኤድዋርድ ሎይድ የተባለው ሰው በከፈተው ቡና ቤት ይሰበሰቡ የነበሩ የመርከብ ነጋድያን የመሠረቱት የኢንሹራንስ ገበያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሆኖም ይህ ጉባኤ ጉድለት ነበረበት፤ በፔኒው ገብተው የሚከራከሩት ወንዶች ነበሩ እንጂ ሴቶች በወንበሩ ላይ ስፍራ አልነበራቸውም።

በኢትዮጵያ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ክርስቲያኑ ሕዝብ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ለብዙ ዘመን ይርቀው ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ስለ ጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ስለ ደከሙ ክልከላው ላላ። የተለወጠው ፍሬው አልነበረም፤ ፍሬውን ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋራ ብቻ ያያያዘው አሳብ ነው። ከዚያ ወዲህ አቦል፣ ቶናና በረካ የጎረቤት መጥሪያ ሆኑ። የዚህ ጉባኤ አለቃ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣና አፍልታ የምትቀዳው ሴት ናት፤ ለንደን የነፈገቻት ወንበር በኢትዮጵያ ከረከቦቱ አጠገብ ተዘጋጅታላት ነበር።

በአዲስ አበባ ደግሞ ቡናን በመኪና የማፍላት ልማድ ከኢጣልያ መጣ። በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ ሰው ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ሆኖ ስሙ ታወቀ። ቡና ቤት የሚለው ቃል ግን ውሎ አድሮ የአልኮል መጠጥ ወደሚሸጥበት ቤት ስላዘነበለ፣ ቡናና ሻይ የሚቀርብበት ቤት ካፌ ተባለ።

በዘመናችን በየሰፈሩ የሚከፈተው ልዩ ቡና የሚባለውን የሚያቀርብ ቤት የዚህ ታሪክ ታናሽ ልጅ ነው። ስያሜውን በ1974 በጽሑፍ ያወጣችው በአሜሪካ የቡና ነጋዴ የነበረችው ኤርና ክኑትሰን ናት። ቀማሾች ቡናውን ከመቶ መዝነው 80ና ከዚያ በላይ ያገኘውን ልዩ ይሉታል። ኢትዮጵያም በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለውን የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አካሄደች። የዚህ ሥርዐት በጎነቱ ቀድሞ በጆንያ ተደባልቆ ስሙ ይጠፋ የነበረው ቡና ዛሬ ከነአገሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ከነገበሬው ስም መጠራቱ ነው። ድካሙ በስሙ የታወቀለት ገበሬ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊከበርለት ይገባል።

ነገር ግን አንድ አደጋ አለ። የለንደኑን ቤት ታላቅ ያደረገው የመግቢያው ዋጋ ማነስ እንጂ የቡናው ጣዕም አልነበረም፤ የኢትዮጵያዊቱንም ቤት ያስከበራት ጎረቤት ሳይቀር መጠራቱ ነው። የስኒው ዋጋ እያደገ ሄዶ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው ከደጅ የሚቀሩ ከሆነ፣ ሹማምንትና ሱልጣኖች በዐዋጅ ሊያደርጉት ያልቻሉትን ዋጋ በዝምታ ይፈጽመዋል፤ ቡናው ይቀራል፣ ጉባኤው ይፈታል። ቡናው የበቀለበትን ቀበሌ የሚያውቅ ቤት፣ በደጁ የሚያልፈውን ጎረቤት ካላወቀ የቡናን ታሪክ ግማሹን ብቻ ወርሷል።