ከጉልት እስከ አክሲዮን፦ በጎ አድራጎት በራሱ እግር ለመቆም የሄደበት መንገድ

በየዓመቱ የምሩቃን ማኅበራችን ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ ቡናው ከመቅረቡ በፊት፣ ፖስታ ይዞራል። ለችግረኛ ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ የምናዋጣበት ፖስታ ነው። ለብዙ ዓመታት ገንዘቡን ከሚቆጥሩት አንዱ ስለሆንኩ ጠባዩን አውቀዋለሁ። የተሰብሳቢው ስሜት ሲሞቅ ይወፍራል፤ ኑሮ ሲከብድ፣ ወይም ስብሰባችን ከሠርግ ወቅት ጋር ሲገጥም፣ ይቀጥናል። የተማሪው ችግር ግን ከእኛ ስሜት ጋር አይወጣም፣ አይወርድም። በአንደኛ ዓመቱ ደግፈነው በሦስተኛ ዓመቱ «ዘንድሮ አልሞላልንም» ያልነው ልጅ አለ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ደግ ሥራቸው ከለጋሹ ዕድሜና ከኪሱ ሁኔታ በላይ እንዲዘልቅ ምን ያደርጉ ነበር? የተማርኩት ታሪክ ነውና መልሱን የፈለግኩትም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው መልስ መሬት ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ወጣ ብላ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ስታሠራ፣ ሕንፃውን አቁማ ብቻ አልተወችውም፤ አገልጋዮቹ የሚኖሩበትን ጉልት ጨምራ ሰጠች። ጉልት ማለት ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ምስክር ተቆጥሮበት፣ የሚያፈርሰውም ሰው ተገዝቶበት ይጻፍ ነበር። የዘመኑ ሰዎች የገንዘብ ምንጭንና የበጎ ሥራን ውል አንድ ላይ ማሰር ያውቁበታል ማለት ነው። ሰጪው ሲሞት ስጦታው አብሮት አይሞትም።

በሙስሊሙ ወገን ያለው ወቅፍም መሠረቱ ይኸው ነው። አንድ ሰው ቤቱን፣ ሱቁን ወይም የአትክልት ቦታውን ለመስጊድ፣ ለድሃ ወይም ለተማሪ ሲያውል፣ ዋናው ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ኪራዩና ፍሬው ብቻ ይወጣል። ላሟ ትቀመጣለች፣ ወተቱ ይከፋፈላል እንደማለት ነው።

ይሁንና ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር መዝለል የለብንም። አንደኛው፣ ቋሚ ገቢው ለሁሉም አልደረሰም። የቤተ ክርስቲያን መምህር መተዳደሪያ መሬት ሊኖረው ይችላል፤ የቆሎ ተማሪው ግን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞር ነበር። ተቋሙ ርስት ነበረው፣ ተማሪው ልመና። ሁለተኛው፣ ግብሩን የሚከፍለው ገበሬ ነው። የአንዱ ምጽዋት የሌላው ሸክም ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ የጮኹት ስለዚህ ሸክም ነው። ከዚህ የዓመት መጽሐፍ አንባቢዎች መካከል በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበሩ አይጠፉም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ጥያቄያቸው ሕግ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ። በዚያው ብዕር በመሬትና በኪራይ ላይ የቆመው የአብያተ ክርስቲያናት፣ የመስጊዶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መተዳደሪያ ተናጋ። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ «ታዲያ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ይሉኛል። እኔ የማየው ሁለት ትምህርት ነው። በሌላው ጉስቁልና ላይ የቆመ የገቢ ምንጭ አንድ ቀን ይጠየቅበታል። ሀብቱን ሁሉ በአንድ ዓይነት ንብረት ላይ ያስቀመጠ ደግሞ አንድ አዋጅ ይበቃዋል።

መሬቱ ሲሄድ ያልሄደው ዕድር ነው። በአዲስ አበባ በተለይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ የተስፋፋው ዕድር ጉልትም ለጋሽም አልነበረውም። የነበረው ወርሃዊ መዋጮ፣ ቅጣት የተጻፈበት ደንብ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ነው። ሐዘን በሌለበት ጊዜ ድንኳኑና ዕቃው ለሠርግ ይከራያል፤ ኪራዩ ወደ ካዝናው ይገባል። አቅም ያገኙት አዳራሽ ሠርተው ያከራያሉ። ይህን ማንም «የገቢ ማስገኛ ስልት» ብሎ አልሰየመውም፣ ግን ሌላ ምንድነው? ልብ የምለው አንድ ነገር አለ፤ አባል ሐዘን ላይ ከተቀመጠ ድንኳኑ ለኪራይ አይሄድም። ኪራዩ ለዓላማው እንጂ ዓላማው ለኪራዩ አይሠራም።

የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም ታሪክ የሚያሳየን ይህንኑ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በረሃብ የተጎዱትን ካዩ በኋላ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ወደ ቤታቸው አመጡ። ባለቤታቸው አልተስማሙም፤ እሳቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ለጋሽ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየሸጡ ጀመሩ። ድርጅቱ ሲያድግ የውጭ እርዳታ አግኝቷል፤ መነሻው ግን የምጣድ ገቢ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ጉዳዩን በሌላ በኩል አጠበበው። በሰብአዊ መብትና በመሰል ሥራዎች ላይ የሚሰማሩ «የኢትዮጵያ» ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከአጠቃላይ ገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ተባለ። ጥሩ፣ ከአገር ውስጥ እናግኝ ቢሉ ደግሞ የገቢ ማስገኛ ሥራ የሚፈቀደው ከዓላማቸው ጋር የተያያዘ ሲሆንና ተቆጣጣሪው ኤጀንሲ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። አንዱ በር ተዘግቶ ሌላው ገርበብ ብሎ ቀረ። ብዙዎች የሥራ መስካቸውን ቀየሩ፣ አንዳንዶቹም ፈረሱ።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገለበጠው። የ10 በመቶው ገደብ ቀረ። ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ በማንኛውም ሕጋዊ ንግድና ኢንቨስትመንት መሰማራት ቻሉ፤ ኩባንያ ማቋቋም፣ አክሲዮን መግዛትም ይችላሉ። ትርፉ ግን ለአባላት አይከፋፈልም፤ የንግዱ ሒሳብም ለብቻው ይያዛል። ይህ የመጨረሻው ነገር የወረቀት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በቅርበት የማውቀው አንድ ማኅበር ለገቢ ብሎ ካፍቴሪያ ከፈተ። ሒሳቡ ከእርዳታው ጋር ተደባልቆ ስለተያዘ፣ ካፍቴሪያው መክሰሩ የታወቀው የሕፃናቱን የምሳ ገንዘብ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጠን ወለዱን እንብላ» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ ለማግኘት እስከ ስዊድን መሄድ ይጠይቃል። አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሞት ሀብቱ ወደ አስተማማኝ ሰነዶች ተለውጦ፣ የየዓመቱ ፍሬ ሽልማት እንዲሆን ተናዞ ነበር። ያ ጥንቃቄ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጎዳው፤ የዋጋ ንረትና ግብር የሽልማቱን አቅም ሸረሸሩት። ነገሩ የተሻሻለው ፋውንዴሽኑ በ1946 ከግብር ነፃ ከሆነና በ1953 በአክሲዮንና በሕንፃ ጭምር እንዲያሠራ ከተፈቀደለት በኋላ ነው። በ2012 ደግሞ ዋናው ሀብት እንዳይነካ ብሎ ሽልማቱን ከ10 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ክሮነር ዝቅ አደረገ። ሰጪ ነን የሚሉ ሰዎች ከሚሰጡት ላይ ሲቀንሱ ያሳፍራል፤ እነሱ ግን ላሟን ማዳን መረጡ።

የእኛን ሒሳብ እንሞክረው። 10 ሚሊዮን ብር ኖሮን በዓመት 12 በመቶ ቢያስገኝ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ኑሮ በ10 በመቶ ቢወደድ፣ ገንዘባችን የነበረውን አቅም ይዞ እንዲቆይ 1 ሚሊዮኑን መልሰን መጨመር አለብን። በእውነት የእኛ የሆነው 200 ሺህ ብቻ ነው። 1 ሚሊዮን 200 ሺሁን ከበላን፣ ሳናውቀው ላሟን እያረድን ነው።

ይህን ዘንድሮ የማነሳው በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ብቻ የተቀመጠ ገንዘብ ምን እንደሚሆን አይተናል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ ትልልቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ በሳምንታት ውስጥ ሠራተኛ አሰናበቱ። በዚያው ጥር ወር፣ በ2ኛው ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሮ ነበር። አንዱ የገቢ ምንጭ በነጠፈበት ወር ሌላ አማራጭ ተከፈተ። አክሲዮን ይወድቃል፣ ኩባንያም ይከስራል፤ በአንድ ቦታ ሁሉን ማስቀመጥ የ1967ቱን ስህተት መድገም ነው። ከፊሉ በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ከፊሉ በአክሲዮን፣ ከፊሉ በሚከራይ ንብረት ቢሆን ግን አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል።

ሁሉም በጎ ሥራ ራሱን ይቻል ማለቴ አይደለም። ለተራበ ሰው እህል የሚያደርስ ድርጅት ከተራበው ገቢ ሊጠብቅ አይችልም፤ መዋጮም ምንጊዜም ያስፈልጋል። የእኛ ጉዳይ ግን ይለያል። የሚመጣውን ችግር እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይገባል፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ይቆያል። እንዲህ ላለ ቋሚ ችግር የሚመጥነው ቋሚ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነው። ከፖስታው ግማሹ ለዘንድሮ ተማሪዎች ይሂድ፤ ግማሹ በማይነካ ገንዘብነት ይቀመጥ። የማይነካ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ፣ እንደ ቀድሞዎቹ፣ ምስክር ባለበት በደንባችን ይጻፍ። ለአንድ ልጅ ድጋፍ ስንጀምር እስኪመረቅ የሚበቃው መኖሩን አስቀድመን እናረጋግጥ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ፣ የምንረዳቸው ልጆች ቁጥር ይቀንሳል፤ ይህንን አልደብቅም። ግን የተቀበልነውን ልጅ መሀል መንገድ ላይ አንጥለውም።

ፖስታው ዘንድሮም ቡናው ከመቅረቡ በፊት ይዞራል። በዚህ ጊዜ ሁለት ፖስታ ነው። ሁለተኛው ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ጉባኤው ስም ያውጣለት።