ውኃ የተነፈጉ ጋላቢዎች

ብስክሌት የሚወድ ወዳጅ ያለው ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ወዳጁ ስለ ጎማና ስለ ካምቢዮ ከሚያወራው ይልቅ ስለ ሆዱ የሚያወራው ይበዛል። ጠዋት ምን በልቶ እንደወጣ፣ የቱ ዳገት ላይ ጉልበቱ እንደከዳው፣ የትኛው ቡና ቤት ደጃፍ ወርዶ ማኪያቶ እንዳዘዘ ሲተርክ ይውላል። «ሆድ ካገር ይሰፋል» የሚለው አባባል ለቻይ ሰው የተነገረ ቢሆንም ለብስክሌተኛም ሳይሠራ አይቀርም። ዛሬ የዚህን ሆድ ታሪክ ላንሳ ብዬ ሳገላብጥ ታዲያ ነገሩን የምግብ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ለሚለፋ ሰው ምን ይገባዋል የሚል የቆየ ክርክር አለበት።

ክርክሩ የደመቀው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ሲጀመር ጠቅላላ መንገዱ 2,428 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የተከፈለውም ለስድስት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ከፓሪስ ሊዮን 467 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴን አልፎ መሄድ ማለት ነው፤ ያውም ሌሊቱን ጨምሮ፣ በአቧራማ መንገድ፣ በከባድ ብስክሌት። የውድድሩ አዘጋጅ ጋዜጠኛው ሄንሪ ዴግራንጅ ደግሞ ጋላቢ ብቻውን ታግሎ ብቻውን ማሸነፍ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 አንድ ተወዳዳሪ ለሌላው ሲያግዝ ቢያየው «አሽከር» ብሎ ሰደበው። ስድቡ ውሎ አድሮ የሙያ ስም ሆነ። ዛሬም ለቡድን መሪው ውኃ የሚያመላልሰው ጋላቢ በፈረንሳይኛ የሚጠራው በዚያው ቃል ነው።

ያ አሽከር ውኃውን ከየት ያመጣ ነበር? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በዘመኑ ብዙ መጠጣት ጋላቢን ያዝለዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ደንቡም የሚታደለውን ኮዳ በቁጥር ወሰነው። ተወዳዳሪው በሐምሌ ሐሩር ጉሮሮው ሲደርቅ አሽከሮቹ ከመንገድ ዳር ቡና ቤት ዘው ይሉና እጃቸው የገባውን ሁሉ አፍሰው ይወጣሉ። ቢራ ይሁን ወይን ጠጅ፣ ሎሚናት ይሁን ኮኛክ አይመርጡም፤ ሒሳብ የሚባል ነገርም የለም። እንዲህ ሆነና ውኃ የተነፈገው ሰው አልኮል ጠጪ ሆኖ አረፈው።

አልጄሪያዊው አብደልቃድር ዛፍ የዚህ ዘመን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ከአገሩ ልጅ ከማርሴል ሞሊኔስ ጋር ሆኖ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ኒም ከተማ ሲገሠግሥ ሐሩሩ ጣለው። ሰዎች ከዛፍ ሥር አስተኙት። ሲነቃ ብስክሌቱን አንስቶ ወደመጣበት አቅጣጫ ጋለበ ይባላል። «ሰክሮ ነው» ተብሎ ተሣቀበት። እሱ ግን ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም፤ የሸተተው ተመልካቾች ሊያነቁኝ ያፈሰሱብኝ ወይን ነው ብሏል። ድሉን ሞሊኔስ ወሰደ፤ ዛፍ በሣቁ ታወሰ።

ከ17 ዓመት በኋላ ግን የሚያሥቅ ነገር አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1967 እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ሞን ቫንቱ በተባለው ራቁት ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አምፌታሚንና አልኮል ተገኘበት። በዕለቱ ብራንዲ ጠጥቶ ነበር፤ ብራንዲውም ከመንገድ ዳር ቡና ቤት የመጣ ነው። ስለ ሞቱ ሲነሳ አበረታች መድኃኒቱ ብቻ ይወገዛል። ልክ ነው፣ ይወገዝ። ነገር ግን በዚያ ቃጠሎ ለሰው ልጅ ውኃ በኮዳ ቁጥር የመጠነው ደንብስ? ገደቡ እየላላ ሄዶ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው።

አካል የሚፈልገው ነገር የተሰወረ አልነበረም። በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ስኳር ለብርቱ ግልቢያ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይሻገርም፤ ሲያልቅ ጉልበት ድንገት ይከዳል። ለዚህ ነው ጋላቢዎች በትከሻ በሚንጠለጠል የጨርቅ ከረጢት የሩዝ ቂጣ፣ ሙዝና የዶሮ እግር ይዘው የኖሩት። የዛሬዎቹ በየሰዓቱ ከ90 እስከ 120 ግራም ስኳርነት ያለው ምግብ ይወስዳሉ፤ አብዛኛውም የሚጠጣ ወይም የሚጨመቅ ነው። የእኛ አባቶች ለዘመቻ ሲነሱ በሶና ዳቦ ቆሎ የሚቋጥሩት በዚሁ ብልሃት ነው። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ ቶሎ ይዋሃዳል፣ ሳይበላሽም ይከርማል። ካሎሪ የሚባል ነገር ሰምተው አይደለም።

ከመጠጡ ሁሉ ሳይሻር የኖረው ግን የእኛው ቡና ነው። ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን ቱር ደ ፍራንስ ሲያሸንፍ ደረቱ ላይ የጻፈው «ፋኤማ» የሚለውን የጣሊያን ቡና ማሽን ስም ነበር። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከተወሰነ መጠን ካለፈ በሕግ ያስቀጣ የነበረበት ጊዜም አለ፤ ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ኢትዮጵያዊው ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአገሩ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ የቡናው አገር ልጅ ከቡና ወዳዶቹ መሐል ገባ።

እኛ አገር መንገደኛ «ውኃ አጠጡኝ» ካለ ጠላ ካለ ጠላ ይቀርብለታል እንጂ ስንተኛህ ነው አይባልም። ታዲያ ይህን የምናውቅ ሰዎች ከጠራራ ፀሐይ ድንጋይ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ ውኃ ሊጠጣ ቀና ሲል «ሰነፍ» እንለዋለን። ጥማትን ለጥንካሬ መለኪያ ያደረገው ዴግራንጅ ብቻ እንዳይመስለን። የጋላቢዎቹ ታሪክ የሚነግረን ውኃ የከለከሉት ሰው እንደማይበረታ ነው፤ የተገኘውን ይጠጣል፣ ከዚያም በጠጣው ይፈረድበታል።