ልክ የሚጻፍበት መንገድ፦ ከአርሲ ማረሻ እስከ ቁጥር ታዛዥ ማሽን

በሲሬና በአካባቢው የአርሲ ደጋ ማረሻ ሲደንዝ ገበሬው ይዞት የሚሄደው ወደ ቀጥቃጭ ዘንድ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን በወናፍ በሚራገብ ፍም ያግለዋል፤ በመዶሻ ያሾለዋል፤ ውሃ አጠጥቶም ይመልሰዋል። ስለ ልኩ የሚነሣ ክርክር የለም። ልኩ በቀጥቃጩ ዐይንና በገበሬው ክንድ ውስጥ የሚኖር እንጂ በወረቀት ላይ የሰፈረ አይደለም። ወገሉ ቢሰፋ ሽብልቅ ያጠብቀዋል፤ ድግሩ ቢወፍር መጥረቢያ ያሳሳዋል። ብረትና እንጨት እንዲህ እየተቻቻሉ ሲያርሱ ኖረዋል።

ኮምባይነር ግን ይሉኝታ አያውቅም። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት የ40 ሚሊ ሜትር ዘንግ በአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ያህል ቢቀጥን፣ ኩሽኔታው በላዩ እየተሽከረከረ ዘንጉን ይበላዋል፤ ያንኑ ያህል ቢወፍር ደግሞ ኩሽኔታው አይገባም፤ በግድ ቢገባም ግሎ ይነድዳል። በኅዳር ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሩ ማሳ መካከል ሲቆም፣ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ አዝመራውን ከነአገዳው ሊያስተኛው ይችላል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ያ ልክ ከእጅ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ኮምፒዩተር እንዴት እንደ ተሸጋገረ፣ በየመንገዱም እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል ማየት ለሙያው ባልደረባ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

በአርሲ የእርሻ መሣሪያን መርምሮና ለክቶ የማሻሻል ሥራ ከፍ ባለ ደረጃ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ መቀመጫውን አሰላ ላይ ካደረገ በኋላ ነው። ድርጅቱ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ሥርጭት ጎን ለጎን የእርሻ መሣሪያ ምርምር ክፍል ነበረው፤ በዚህም ክፍል በበሬ የሚጎተቱ የተሻሻሉ ማረሻዎች፣ መከስከሻዎችና ጋሪዎች ተሠርተው ተፈትነዋል። አንድን መሣሪያ ለሙከራ መሥራት የአንድ ብልህ እጅ ሥራ ነው፤ መቶውን አንድ ዐይነት አድርጎ ማውጣት ግን ንድፍና መለኪያ ይጠይቃል።

አፈር ገልባጩ ማረሻ በገበሬው ዘንድ የታሰበውን ያህል አልገባም። ክብደቱ በሬዎቹን ያደክማል፤ ዋጋውም ይከብዳል። በዚህ ገበሬውን ኋላ ቀር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የነባሩን ማረሻ ሁለንተና ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ማሳ የሚወርድ ሰው፣ ቢሰበርም በአቅራቢያው ቀጥቃጭ የሚያስጠግን ሰው፣ መለዋወጫው ከሩቅ የሚመጣ መሣሪያን ቢጠራጠር ሒሳብ ያውቃል እንጂ አልተሳሳተም።

በዚያው ዘመን በጭላሎ የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ፣ ባለ መሬቶች ራሳቸው በመኪና ለማረስ ሲሉ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ያን ሥርዐት ሻረው። (አንባቢ ሁለቱን 1967 እንዳያምታታ፤ ካዱ የቆመው በአውሮፓውያን፣ ዐዋጁ የወጣው በእኛ አቆጣጠር ነው።) ጥቂት ቆይቶ ካዱን የተካው የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት፣ አርዱ፣ ከጭላሎ ዐልፎ መላውን አርሲ እንዲያዳርስ ተደረገ። የመንግሥት እርሻዎችም ትራክተርና ኮምባይነር በብዛት ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ የአርሲ ስንዴ ከመለዋወጫ ጋራ ተቈራኝቶ ቀርቷል። በአሰላ የእርሻ መሣሪያ ምርምር እስከ ዛሬ የዘለቀ ሲሆን፣ የእህል መውቂያ ማሽኖቹም የታወቁ ናቸው።

ንድፉ በወረቀት ከሰፈረ በኋላም ቢሆን ብረቱን የሚቆርጠው ያው እጅ ነው። የቶርኖ ሠራተኛው ንድፉን አይቶ እጀታውን ያዞራል፤ በካሊብሮ ይለካል፤ እንደ ገና ያዞራል። በንድፉና በብረቱ መካከል የቆመውን ይህን እጅ በቁጥር ለመተካት የተደረገው ሙከራ የተጀመረው ካዱ ከመቆሙ 20 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ነበር። ጆን ፓርሰንስ የተባለው ሰው በድርጅቱ የሄሊኮፕተር ክንፍ ይሠራ ነበርና የክንፉን ጠመዝማዛ ቅርጽ በትክክል የሚያወጣ መለኪያ ማበጀት ቸገረው። ስለዚህ ከባልደረባው ከፍራንክ ስቱለን ጋራ ሆኖ የቅርጹን ነጥቦች በካርድ በሚሠሩ የሒሳብ መኪናዎች አስላ። ከዚያም አንዱ ሠራተኛ ቁጥሩን ከሠንጠረዥ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሁለቱ ደግሞ አንዱ የርዝመቱን፣ ሌላው የወርዱን እጀታ ይዘው ወደ ተጠራው ቁጥር ያዞራሉ። መሪና ተቀባይ ሆነው ብረት ቆረጡ ማለት ይቻላል። በዘመናችን ቁጥር ታዛዥ ማሽን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የተለወጠው ጠሪውና አዙሪው ብቻ ነው።

የአሜሪካ አየር ኀይል እ.ኤ.አ. በ1949 ገንዘብ ሰጠ፤ ሥራው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሸጋገረ፤ በ1952 ከተቦረቦረ የወረቀት ጥብጣብ ትእዛዝ እያነበበ በሦስት አቅጣጫ የሚቆርጥ የፍሬዛ ማሽን ለሕዝብ ታየ። መቈጣጠሪያው በመቶ የሚቈጠሩ የመስታወት ቱቦዎች የታጨቁበት ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር። በ1959 ደግሞ ተቋሙ ኤ.ፒ.ቲ. የተባለውን የትእዛዝ ቋንቋ ሲያስተዋውቅ ለጋዜጠኞች በዚሁ ዘዴ የተቀረጸ የአሉሚኒየም የሲጋራ መተርኮሻ አደለ። ስንት ድካም ለመተርኮሻ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጋዜጠኛ የሚዳስሰውን ነገር ይዞ መሄድ ይወዳል።

ጥብጣቡ ራሱ የሚደነቅ ብልኀት ነበረው። በእያንዳንዱ ረድፍ የሚበሱት ቀዳዳዎች ቁጥር በአንዱ ሥርዐት ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ በሌላው ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ በዘይት ቢደፈን ወይም ወረቀቱ ቢቀደድ ቈጠራው ይፋለስና ማሽኑ ይቆማል። በ1970ዎቹ ኮምፒዩተር ከመቈጣጠሪያው ውስጥ ሲገባ፣ ጥብጣቡ ቀስ በቀስ ቦታውን ለማኅደረ ትውስታ ለቀቀ። እዚህ ላይ ነው ለዛሬው የአርሲም ሆነ የአዲስ አበባ ባለሙያ ትልቁ አደጋ የተደበቀው። የወረቀት ጥብጣብ መብራት ቢጠፋም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በብዙ መቈጣጠሪያዎች ዘንድ ግን ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን የማሽኑ ጠባይ የተመዘገበባቸው ቁጥሮች ጭምር፣ ማለትም የእያንዳንዱ አቅጣጫ ወሰን፣ ፍጥነትና የመላወስ ማካካሻ፣ የሚጠበቁት በትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው ሞቶ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑ ማንነቱን ረስቶ ይነሣል። በመሆኑም ባትሪው የሚለወጠው ማሽኑ መብራት እንዳለው ነው፤ አጥፍቶ መለወጥ ጥንቃቄ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን መደምሰስ ነው። ቁጥሮቹ ቀድመው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መገልበጥ፣ በወረቀትም ታትመው ከመቈጣጠሪያው ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።

ለመገልበጥ የሚያገለግለው የድሮው ተከታታይ ገመድ ነው። በሁለቱ ወገን ያለው የመላላኪያ ፍጥነት እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ 4800 ሆኖ ሌላው 9600 ከሆነ የሚመጣው ትርጉም የለሽ ፊደል ነው። ከሁሉ በላይ ማሽኑና ኮምፒዩተሩ በአንድ የመሬት ሽቦ ሊታሰሩ ይገባል፤ ያለዚያ በሁለቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት በገመዱ ዐልፎ ማገናኛውን ያቃጥላል። ለብዙ ወርክሾፖች ያረጀ ኮምፒዩተር እንደ ዕንቍ የሚጠበቀው ይህ ማገናኛ ስላለው ነው።

የኀይሉም ነገር የራሱ ጣጣ አለው። በሀገራችን የሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት ሲሆን፣ ከጃፓን የሚመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ 200 ቮልት ስለሚፈልግ ትራንስፎርመር ግድ ይሆናል። ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱ ተለዋውጠው ቢታሰሩ የዘይት ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል። የደጋው ከፍታ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርና መቈጣጠሪያ አምራቾች የሚጽፉት ኀይል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግል ነው። አሰላ ግን ወደ 2,400 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ይቀንሳልና ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል እንዲቀነስ ያዝዛሉ። በዚህ ስሌት አሰላ ላይ የቆመ ሞተር ከተጻፈለት ኀይል 14 በመቶ ያህሉ ይጐድልበታል። የደጋው ብርድ ሙቀቱን ቢያግዝም የሣጥኑ ማራገቢያ በአቧራና በገለባ ከታፈነ የሚፈይደው የለም።

ፕሮግራም ጸሐፊውን በይበልጥ የሚያስቸግረው ግን አንዲት ነጥብ ናት። በብዙ የቀድሞ መቈጣጠሪያዎች ዘንድ «ኤክስ 50» ተብሎ ነጥብ ሳይገባ ቢጻፍ ማሽኑ የሚረዳው 50 ሚሊ ሜትር ሳይሆን የሚሊ ሜትር ሺኛ ሃምሳ ነው፤ ከ50 ቀጥሎ ነጥብ ሲጻፍ ብቻ 50 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ጂ 00» ቆራጩን በሙሉ ፍጥነት ያስወነጭፈዋል፤ «ጂ 01» ግን በተወሰነለት ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንዲቆርጥ ያደርገዋል። አንዱን በሌላው ምትክ የጻፈ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ ብረት ሳይታሰር፣ ከዚያም ትእዛዙ አንድ በአንድ እየተለቀቀ፣ እጅም ከማቆሚያው ቁልፍ ሳይርቅ ይሞከራል።

ከሲሬ ማሳ የተፈታው ዘንግ ወርክሾፕ ሲደርስ ይህ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የቱን እንለካ? የተበላውን ቦታ ለክቶ ያንኑ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ብልሽቱን በታላቅ ትክክለኛነት ያባዛል። ልኩ የሚገኘው ኩሽኔታው ካልነካው ከዘንጉ ጫፍና ከራሱ ከኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት ነው። ለአንድ ዘንግ ብቻ ከሆነ የቶርኖ ሠራተኛው እጅ ፕሮግራሙ ተጽፎ ሳያልቅ ይቀድማል። ነገር ግን ያው ዘንግ በሚመጣው ኅዳር ከዴራ፣ በሌላው ዓመት ከኢተያ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚፈለገው በፕሮግራሙ ራስጌ በቅንፍ የተጻፈው ነው፦ የኮምባይነሩ ዐይነት፣ የዘንጉ ስም፣ የብረቱ ዐይነት፣ መነሻ ነጥቡ የት እንደ ተያዘ፣ የለካው ማን እንደሆነና ቀኑ።